የሐሳብ መስጫው ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች አይደለም። እነሱን በእንዲህ ዓይነት መጽሔቶች ላይ ደጋግማችሁ አንብባችኋል፤ አንዳንዶቻችሁማ ከእኔ በተሻለ በቃላችሁ ትወጧቸዋላችሁ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ሣጥን ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሐሳብ መስጫ ሣጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በቀበሌ አለ፣ በጤና ጣቢያ አለ፣ በትምህርት ቤትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ፣ አናቱ ላይ ወረቀት የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው፣ በትንሽ ጓጉንቸር ቁልፍ የተዘጋ ነው። እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ስለሆንኩ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ብዙ ተቋማት እገባለሁ። ታዲያ አንድ ልማድ አለኝ፤ ሣጥኑን ሳይ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ስለዚያ ተቋም ብዙ ይነግረኛል። አንዳንድ ቦታ ኃላፊው ቁልፉን ወዲያው ከመሳቢያው አውጥቶ «በየወሩ በኮሚቴ ይከፈታል፤ ቃለ ጉባኤውም ይኸው» ይለኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። «የቀድሞው ኃላፊ ይዞት ሄዶ ይሆናል» የተባልኩበትም ጊዜ አለ።

ሣጥኑ ትንሽ ነገር ነው፤ የሚያስነሳው ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። ወጣቶች በየቀኑ የሚገለገሉባቸው ነገሮች እንዴት መሆን እንዳለባቸው የሚናገረው ማን ነው? የሚሰማውስ? እስቲ አብረን እንየው።

የሚጎድለው እውቀት ብቻ ነው?

እኛ ደቡብ ጎንደር ያደግን ሰዎች በደንብ የምናውቀው አንድ የተማሪ ኑሮ አለ። የገጠር ልጅ ስምንተኛን ጨርሳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ትመጣለች። ከጉና ጥግ ለሚመጡትማ መምጣት ብቻ ሳይሆን በእርግጥም መውረድ ነው። ከሁለት ሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች። በሳምንቱ መጨረሻ በእግሯ አገር ቤት ሄዳ እንጀራውን፣ ቆሎውን፣ በሶውን፣ ድንቹን ተሸክማ ትመለሳለች። ረቡዕ ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል፣ ስንቁም ይመናመናል። ከትምህርት ቤት ወደ ኪራይ ቤቷ የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት በሩ አይቆለፍም፤ ውኃም የለውም፤ ስለዚህ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች። ስንቅ ሲያልቅ ደግሞ «እኔ አለሁልሽ» የሚል ሰው አይጠፋም። ምን ፈልጎ እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

ይቺ ልጅ ኤች አይ ቪ እንዴት እንደሚተላለፍ ብትጠየቅ አሥር ከአሥር ታመጣለች። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ስማር ብዙ ንድፈ ሐሳብ አጥንቻለሁ፤ ከሁሉም እስከ ዛሬ ለሥራዬ የሚረዳኝ ግን አንድ ቀላል ነገር ነው። የሰው ምርጫ ከሚኖርበት ሁኔታ ተነጥሎ አይታይም። «ተጠንቀቂ» የሚለው ምክር ጨለማ መንገድ ላይ ለቆመች ልጅ ግማሽ ምክር ነው። ግማሹ አምፖሉ ነው፣ የበሩ መቀርቀሪያ ነው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚከፈት የምክር ክፍል ነው። አምፖሉ የት ጋ እንደጠፋ፣ የትኛው በር እንደማይዘጋ ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷው ናት። እሷ የምታውቀው ነገር ግን ውሳኔ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ አይደርስም።

በሩን ማወቅ

ብዙ ተማሪዎች «መንግሥት ያድርግልን» ሲሉ እሰማለሁ። የትኛው መንግሥት? ቀልድ አይደለም። ደብረ ታቦር ውስጥ ብቻ የከተማው አስተዳደር አለ፣ የፋርጣ ወረዳ አስተዳደር አለ፣ የደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደርም አለ። ሦስቱም እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሥራቸውና በጀታቸው ግን ለየቅል ነው። የተሳሳተ በር ያንኳኳ ጥያቄ ደግሞ ተከልክሎ አይመለስም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል።

በአገራችን በ1995 በጀት ዓመት ትልቅ ለውጥ ተደርጎ ነበር። አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል በጀት፣ በብዙዎች አጠራር «ብሎክ ግራንት»፣ በቀጥታ ለወረዳዎች መሰጠት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የጤና ጣቢያ፣ የውኃ ጉዳይ ዋና ዋና ውሳኔዎች ወደ ወረዳ ወርደዋል። ይህ ለእናንተ መልካም ዜና ነው፤ የሚወስነው ሰው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሳይሆን ምናልባት የክፍል ጓደኛችሁ አባት ሊሆን ይችላልና። መጥፎው ዜና ደግሞ የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል መሆኑ ነው። የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ለትንሿ ገንዘብ ደግሞ የሚሻማው ብዙ ነው።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት «መጸዳጃ ቤት ይሠራልን» ብሎ የሚጮኽ ክበብ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ጣቢያ እንደደረሰ መንገደኛ ነው። ያው ጥያቄ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ በጽሑፍ ቢገባ ዕድሉ ይሰፋል። ሌላ አገር ይህንን በደንብ ተጠቅመውበታል። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ አስተዳደር በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ዶላር ለብቻው ለይቶ፣ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች ራሳቸው ሐሳብ አመንጭተውና ድምፅ ሰጥተው እንዲመድቡት አደረገ። ወጣቶቹ ከመረጧቸው ነገሮች መካከል የትምህርት ቤት ላፕቶፕ፣ የመጫወቻ ቦታና የእግረኛ መንገድ ይገኙበታል። እኛ ጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር የለም። የእግረኛ መንገድ ችግር ግን አለ፤ ጠያቂ ካለ ደግሞ ቢያንስ ወረፋ ይይዛል።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

አንዳንድ ኃላፊ «እናንተ ገና ልጆች ናችሁ፣ ትምህርታችሁን ተማሩ» ሊላችሁ ይችላል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለው ተረት እኮ ከሁላችንም ጆሮ አይወጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ግን ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ይህ አንቀጽ ግን ዕድሜ አይጠቅስም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1989 እ.ኤ.አ. የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 ላይ፣ ሕፃናት በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይናገራል። «ይሰሙ» ብቻ አላለም፤ ክብደት ይሰጠው ነው ያለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ፣ በአገሪቱ ጉዳዮች ተሳታፊም ተጠቃሚም እንዲሆኑ ያልማል።

እዚህ ላይ ለኤች አይ ቪ አገልግሎት የሚጠቅም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአገራችን የምርመራ መመሪያ መሠረት 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ ምክርና ምርመራ ማግኘት ይችላል። «ወላጅህን ይዘህ ና» የተባለ የ16 ዓመት ልጅ አግኝቼ አውቃለሁ። ይህን መመሪያ ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄውን በትሕትና ይጠይቅ ነበር።

ባቄላ የቆጠሩት ተማሪዎች

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ2002 እ.ኤ.አ. ማላዊ ውስጥ ኬር የተባለው ድርጅት አንድ ቀላል ዘዴ ሞከረ። ተገልጋዮች ለጤና ጣቢያቸው ልክ እንደ ተማሪ ውጤት ይሰጡታል፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም ለብቻቸው ለራሳቸው ውጤት ይሰጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለምን እንደተለያዩ ይነጋገራሉ። ዘዴው ብዙ አገር ተዛምቷል። እኛም አገር ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም አማካይነት በጤና፣ በትምህርት፣ በውኃና በሌሎችም ዘርፎች ተሠርቶበታል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያዎች አስገብቶታል። በካርዱ ላይ ከሚመዘኑት ነገሮች መካከል በርኅራኄና በአክብሮት ማስተናገድ፣ ተራ ለመጠበቅ የሚወስደው ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ አቅርቦት፣ የአምቡላንስ አገልግሎትና ንጽሕና ይገኛሉ።

ችግሩ ውጤት የሚሰጡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ትልልቆች መሆናቸው ነው። እነሱ ደግሞ ስለ ወጣት ችግር ሲጠየቁ «ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል» ብለው ያልፋሉ። በደጋው በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ (ስሙን ልተወው) ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ያደረግነውን ስለማውቅ እሱን ልንገራችሁ።

ወንዶቹንና ሴቶቹን በተለያየ ክፍል አስቀመጥናቸው። ይህ ግዴታ ነው፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ የሚናገሩት ወንዶች፣ ያውም ሁለት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ወረቀት ላይ ቁጥር መጻፍ አንዱ የሌላውን እንዲያይ ስለሚያደርግ በባቄላ መዘንን። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት ፍሬ ባቄላ ወደ ጣሳ ይገባል፤ ማን ስንት እንደጣለ አይታወቅም። ሠራተኞቹ በበኩላቸው «በአክብሮት ማስተናገድ» ለሚለው ለራሳቸው አራት ሰጥተው ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሦስት ሆነ። የሴቶቹ ግን አንድ!

ፊት ለፊት በተገናኙበት ቀን አንዲት ነርስ በጣም ተከፋች። «እኛ እኮ ሌሊት ስናዋልድ አድረን ነው ጠዋት የምናክማችሁ፤ ማን ሰደባችሁ?» አለች። እውነቷን ነበር፤ ማንም አልሰደባቸውም። ከሴቶቹ የተወከለችው ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ ግን አንድም ቃል ሳትውጥ አስረዳች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስም ከነአባት እየጠራ ወደየትኛው ክፍል እንደሚገቡ ጮክ ብሎ ይናገራል። የምክርና የምርመራ ክፍሉ በር ደግሞ ፊት ለፊት ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ጋር ይተያያል። «በገበያ ቀን አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት የሠፈራችን እናቶች ናቸው። እኔ ስገባ ያዩኛል። ማታ እናቴ ሳልነግራት ታውቃለች። ስለዚህ አልገባም» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ነርሷም ዝም አለች። ያን አግዳሚ ወንበር በየቀኑ ታየዋለች፤ ከዚያ በኩል ተቀምጣበት ግን አታውቅም።

መፍትሔው ምን ያህል ብር የፈጀ ይመስላችኋል? ምንም። ከኋላ በኩል የነበረው ዕቃ ክፍል ከምክር ክፍሉ ጋር ቦታ ተለዋወጠ። ስም መጥራት ቀርቶ ቁጥር ያለው ካርቶን ተዘጋጀ። ለተማሪዎች ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ በተራ አንድ ባለሙያ እንዲቆይ ተስማሙ፤ ምክንያቱም ጤና ጣቢያው የሚሠራበት ሰዓት ልጆቹ ክፍል ውስጥ የሚሆኑበት ሰዓት ነው። የመመርመሪያ ኪት እጥረት ግን እዚያ የሚፈታ አልነበረም። አቅርቦቱ ከላይ የሚመጣ ስለሆነ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ተጽፎ ታለፈ።

ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ሲመዘን የሴቶቹ አንድ ወደ ሦስት ከፍ ብሏል። የማታው ሰዓት ግን ከሁለት ወር በላይ አልዘለቀም። ለሚያመሹት ባለሙያዎች የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልነበረም፤ አንዷ ሕፃን ልጅ ነበራት፣ ሌላው ርቆ ይኖራል። ልጆቹ ተናደዱ። እኔ ግን በባለሙያዎቹ መፍረድ ከበደኝ። ከዚህ የምትይዙት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዕቃ በማዘዋወር የሚፈታ ጥያቄና በጀት የሚፈልግ ጥያቄ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ነው። የመጀመሪያውን ዛሬ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በበጀት ወቅት ጠይቁ።

በስብሰባው ላይ አጥብቀን የያዝነው ሕግም ነበር። ማንም የራሱን ወይም የሌላ ሰው የምርመራ ውጤት አይናገርም፤ የሰው ስም አይነሣም። ስለ በሩ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ አጠራሩ እንጂ ስለ ማን እንደገባ አይወራም። አገልግሎት አሻሽላለሁ ብሎ ሰውን ለመገለል የሚያጋልጥ ክበብ ባይኖር ይሻላል።

ትምህርት ቤት የሌሉት

እስካሁን ስለ ተማሪ ብቻ አወራሁ። ግን እኮ በዕድሜ እኩያችሁ የሆኑ፣ ክፍል ውስጥ የሌሉ ብዙ ናቸው። እረኛው አለ፣ ሊስትሮው አለ፣ የቤት ሠራተኛዋ አለች። ከሁሉም ይልቅ ድምፅዋ የማይሰማው ደግሞ በልጅነቷ የተዳረችው ናት። የጋብቻ ሕጋዊ ዕድሜ 18 ነው፤ በአካባቢያችን ግን ከዚያ በታች መዳር የቆየ ችግር መሆኑን ለእናንተ አልነግርም። ለረጅም ጊዜ ዘመቻው ሁሉ «ሳትዳር እናድናት» ነበር። ከተዳረች በኋላስ? የሚጠይቃት አልነበረም።

ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ኬር ኢትዮጵያ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ «ተስፋ» የሚባል ፕሮጀክት ሲያካሂድ ያተኮረው በእነዚህ ልጆች ላይ ነበር። በፋርጣና በላይ ጋይንት ወረዳዎች ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ያገቡ አፍላ ወጣት ሴቶች በቡድን ተደራጁ። የሚያስተምሯቸው ከመካከላቸው የሠለጠኑ አቻዎቻቸው ነበሩ። አንዳንዱ ቡድን ስለ ቁጠባና ገቢ፣ አንዳንዱ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ አንዳንዱ ስለ ሁለቱም ተማረ። ጎን ለጎን የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የጤና ሠራተኞች ያሉባቸው የአዋቂ ቡድኖች ተቋቁመው፣ የልጆቹን ነገር ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት ነበር። ውጤቱን ያጠኑት ተመራማሪዎች በቤተሰብ ዕቅድ አጠቃቀም፣ በቁጠባና ከባል ጋር በመነጋገር ረገድ መሻሻል አይተዋል።

እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። አማቷን ሳታስፈቅድ ውኃ ለመቅዳት እንኳ የማትወጣ የ15 ዓመት ልጅ በየጊዜው ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ «የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው» ማለትን መለማመዷ ነው። ድምፅ የሚባለው ነገር ስብሰባ ላይ በድንገት አይመጣም፤ መለማመጃ ይፈልጋል። የቁጠባ ቡድን ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሳንቲም ያዋጣ ሰው አስተያየት አያጣም።

መለማመጃው ቤትም ሊሆን ይችላል። ከዚሁ ከዞናችን ሳንወጣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ የሚባለውን ማኅበረሰብ ታውቁታላችሁ። ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረተው ነው። ወንዱ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴቷ ስታርስ ለማየት ብዙ ሰው ይሄዳል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ ቤተሰብ በየጊዜው ይሰበሰባል፤ በስብሰባውም ልጆች እንደ ትልልቆቹ ይናገራሉ፣ ወላጅንም ይተቻሉ። የአውራ አምባን አኗኗር ሁሉ መቀበል የለባችሁም፤ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለው። ነገር ግን አባቱን «ይህ ልክ አልነበረም» ብሎ በሥርዓት መናገር የለመደ ልጅ፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ መናገር አይከብደውም።

ቲሸርቱና መሰላሉ

ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተማሪዎች ቲሸርት ይለብሳሉ፣ ግጥም ያነባሉ፣ አጭር ድራማ ያቀርባሉ። ከዚያ የክብር እንግዳው ንግግር ይጀምራል፤ የሚያልቀው ስንት ሰዓት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ፕሮግራሙን ማን እንዳወጣ፣ ጭብጡን ማን እንደመረጠ ተማሪዎቹን ብትጠይቋቸው «ከላይ መጥቶ ነው» ይሏችኋል።

ሮጀር ሃርት የተባለ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹን ሦስት ደረጃዎች ጨርሶ ተሳትፎ አይላቸውም። የመጀመሪያው መጠቀሚያ መሆን፣ ሁለተኛው ማጌጫ መሆን፣ ሦስተኛው ለይስሙላ መቀመጥ ነው። ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ ሐሳቡ ከወጣቶች ተነሥቶ ውሳኔው ከአዋቂዎች ጋር በጋራ የሚሰጥበት ነው። ልብ በሉ፤ «ወጣቶች ብቻቸውን ይወስናሉ» አይልም። እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚያናድደኝ ማጌጫው ነው። ፀረ ኤድስ ክበቦች በዚህች አገር ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ከዚያ በላይ መሥራት ሲችሉ ግን ብዙዎቹ እዚያ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመው ቀርተዋል።

ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን አልቆሙም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ መቅድምና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ሲመሠረቱ፣ ፊትን አሳይቶ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ማለት ከቤት፣ ከሥራም፣ ከዕድርም ሊያስወጣ የሚችል ነገር ነበር። እነሱ ግን ወጡ፤ አስተማሩ፣ ሕክምና ጠየቁ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመድኃኒት ዋጋ መውረድ አለበት፣ የውጭ ድጋፍ አለበት። የተገልጋዮቹ ድምፅ ግን አንዱ ምክንያት አልነበረም የሚል ካለ የዚያን ጊዜ ሰዎች ይጠይቅ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

በጦርነት መካከልስ?

ይህን ሁሉ ስጽፍ አካባቢያችን ምን እንዳሳለፈ ረስቼ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የተደፈሩ ሴቶች ሕክምና ያጡበት ጊዜ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በብዙ ቦታ ትምህርት ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ተስተጓጉሏል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ «የወጣት ድምፅ» ማለት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእኔ አይመስለኝም። ተቋም እንደገና ሲከፈት በቅድሚያ ምን ይሟላ ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተገድዶ ለተደፈረ ሰው ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሰዓቱ ካለፈ ግን አይሠራም። በአቅራቢያችሁ ያለው ተቋም ይህ መድኃኒት አለው? በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ይሰጣል? ይህን ጠይቆ መልሱን በልጃገረዶች ክበብ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ተማሪ ከአሥር ግጥም የሚበልጥ ሥራ ሠራ። በእናንተ አካባቢ መሰብሰብ አደጋ ካለው አትሰብሰቡ፤ ይህ ጥያቄ አንድ ሰው ብቻ ሄዶ ሊጠይቀው ይችላል።

ደብዳቤው

ጥያቄን በቃል መናገር ጥሩ ነው፤ ወረቀት ግን አይረሳም። «አገልግሎቱ ይስተካከልልን» የሚል ደብዳቤ አትጻፉ፤ ምኑ ይስተካከል? ይልቅ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ታዘቡ፣ ቁጠሩ። ስንት ተማሪ ሄዶ ሳይስተናገድ ተመለሰ? በስንት ሰዓት? ከዚያ ለምሳሌ እንዲህ መጻፍ ይቻላል።

«ለ……… ጤና ጣቢያ ሥራ አመራር ቦርድ። ጉዳዩ፡- የወጣቶች የምክርና የምርመራ አገልግሎት ሰዓት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። እኛ የ……… ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ከየካቲት 3 እስከ የካቲት 14 ባደረግነው ምዝገባ፣ ………ተማሪዎች አገልግሎቱን ፈልገው የሥራ ሰዓት በማለፉ ተመልሰዋል። ስለሆነም በሳምንት አንድ ቀን፣ በተለይም ቅዳሜ ጠዋት፣ አገልግሎቱ የሚሰጥበት መንገድ በቀጣዩ የቦርድ ስብሰባ ላይ እንዲታይልን፣ ሁለት ተወካዮቻችንም ተገኝተው እንዲያስረዱ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፡- ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር።»

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ እንዳትመለሱ፤ መዝገብ ቤት ውሰዱት። መዝገብ ቤቷ አንዱን ቅጂ ተቀብላ፣ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ትጽፍበታለች፤ ማኅተምም ትመታበታለች። ሰነፍ ብትሆን እንኳ በትሕትና ቆማችሁ አስጽፉ። ያ ቁጥር ከሌለ በሚቀጥለው ወር «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ብትባሉ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

መልሱ «በጀት የለም» ከሆነ «እሺ» ብላችሁ አትውጡ፤ አትጣሉም። ጥያቄው በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይገባ እንደሆነ፣ ዕቅዱ መቼ ለወረዳው ምክር ቤት እንደሚቀርብ፣ የእናንተ ቀበሌ የምክር ቤት አባል ማን እንደሆነ ጠይቁ። ያንንም ከገቢ ቁጥሩ ጎን ጻፉት። ክበቡን ለሚረከቧችሁ ተማሪዎችም ደብተሩን አስረክቡ፤ እናንተ 12ኛን ጨርሳችሁ ስትሄዱ ጥያቄው አብሯችሁ እንዳይሄድ።